መርፌዋ የቆመችበት

ካዛንቺስ ውስጥ፣ ዛሬ ትልቅ ሆቴል በቆመበት ቦታ ላይ፣ አንድ የኮንክሪት መፈተኛ ላብራቶሪ ነበር። ላብራቶሪ ሲባል ነጭ ጋዋንና ጠርሙስ የሚታየው ሰው ይኖራል። የኛ እንደዚያ አልነበረም። ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ ረጅም አዳራሽ ነው፤ ወለሉ ቢጠረግ ቢጠረግ አቧራ የማይለቀው፣ በአንዱ ጥግ የውሃ ገንዳ፣ በመሀል ደግሞ መጭመቂያው ማሽን። እኔ እዚያ የገባሁት ለጉልበት ሥራ ነው። ከመኪና አወርዳለሁ፣ ከገንዳ አወጣለሁ፣ የተሰባበረውን ጠርጌ እጥላለሁ። ስወጣ ግን የማሽኑ አንባቢ ሆኜ ነው የወጣሁት። በመሀሉ ከሃያ ዓመት በላይ አለ።

ሥራው ምን እንደነበር በመጀመሪያ ላስረዳ። ፎቅ የሚሠራ ሰው ኮንክሪት ባስሞላ ቁጥር ከዚያው ከሚሞላው ላይ ቀንሶ በብረት ሳጥን ያስቀምጣል። ሲደርቅ በየጎኑ አንድ ስንዝር የማይሞላ ድንጋይ ይሆናል፤ ኪዩብ እንለዋለን። ሃያ ስምንት ቀን ሲሞላው ማሽኑ አፍ ውስጥ እናስገባውና ዘይት በፓምፕ እየገፋ እስኪሰበር ድረስ እንጨምቀዋለን። የተሰበረበት ጉልበት ተነብቦ ይጻፋል። ቁጥሩ ከበቃ ባለፎቁ ወደሚቀጥለው ወለል ይወጣል። ካልበቃ የሞላውን ያፈርሳል፣ ወይም ለማፍረስ ይከራከራል።

የማሽኑ ፊት እንደ ግድግዳ ሰዓት ክብ ነው። ሁለት መርፌ አለው። ጥቁሯ ጉልበቱ ሲጨምር እየወጣች ቀይዋን ትገፋለች፤ ኪዩቡ ሲሰበር ጥቁሯ ወደቦታዋ ትወድቃለች፣ ቀይዋ የደረሰችበት ላይ ትቀራለች። እኔ ቀይዋን አነባለሁ።

ትምህርቴ አምስተኛ ክፍል ነው። ቁጥር ግን አይጠፋኝም። ከኔ በፊት ያነቡ የነበሩት ሽማግሌ ዓይናቸው ሲደክም ያስተማሩኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዓይንህን ከመርፌዋ ጋር ትክክል አድርግ፣ ከጎን አትያት፣ ከጎን ካየሃት ትዋሽሃለች አሉኝ። ይህንን አንድም ቀን አልዘነጋሁም። ሌላውን ከቤቴ ይዤው የመጣሁት ነው።

እናቴ ቂርቆስ ጉልት ላይ ቆሎና ሽምብራ በጣሳ ትሸጥ ነበር። ጣሳው ከሞላ በኋላ በእጇ ጠፍ ጠፍ ታደርገዋለች፤ ገዢው ዕቃ ውስጥ ከገለበጠችው በኋላ ደግሞ በጭብጧ ዘግና ትጨምራለች። ምርቃት ማለት እንግዲህ ይሄ ነው፣ ያላየው የለም። ጣሳውን እስከ አፉ ሞልቶ፣ በቃ ብሎ የሚያቆም ሻጭ በኛ ሰፈር እንደሰረቀ ሰው ነበር የሚወራበት። ላብራቶሪ ከመግባቴ በፊት እኔም እዚያው ቂርቆስ ወፍጮ ቤት እህል እመዝን ነበር፤ ሚዛኑ ልክ ሲመጣ አንድ እፍኝ ሳልጨምር አውርጄ አላውቅም።

በማሽኑ ፊት ላይ ከአንዱ መስመር እስከሚቀጥለው ያለው ልዩነት ሃያ ነው። መርፌ ደግሞ መስመር ላይ ልክ ገጥማ የምትቆምበት ቀን ጥቂት ነው። በመሀል ስትቆም እኔ የላይኛውን እጽፋለሁ። ከታችኛው ትንሽ እንኳ ካለፈች የላይኛውን ነው የምጽፈው። እንዲህ አድርግ ያለኝ ሰው የለም፤ ለምን እንዲህ ታደርጋለህ ያለኝም የለም። ለዚህ ብዬ ከማንም ሻይ እንኳ ጠጥቼ አላውቅም። ሰውዬው ራሱ ላይ አቧራ ተሸክሞ፣ ኪዩቡን አስጭኖ መጥቶ አግዳሚው ላይ ሲጠብቅ፣ ጎዶሎ ይዞ እንዲሄድ ማድረግ ነውር መሰለኝ። በቃ ይኸው ነው። ያሰብኩት ኪዩቡን ላመጣው ሰው ነበር። ከዚያ ኮንክሪት ሥር የሚተኛ ሌላ ሰው እንዳለ አንድም ቀን አልመጣልኝም።

በዚህ ስሜ ጥሩ ሆነ። ፎርማኖቹ የጋሼ ዓይን አይሳሳትም ይሉ ነበር። እኔም አመንኳቸው።

ሚሊኒየሙ ሊገባ አካባቢ ከተማው ሁሉ ግንባታ ሆነ። ጠዋት ከቂርቆስ ተነስቼ፣ መስቀል አደባባይን አቋርጬ በእግሬ ወደ ካዛንቺስ ስወጣ፣ ወዲያ ብል የባሕር ዛፍ መወጣጫ፣ ወዲህ ብል የባሕር ዛፍ መወጣጫ ነው። በኡራኤል በኩል የሚመጡት መኪኖች ኪዩብ ጭነው እስከ በራችን ይሰለፋሉ። ያኔ ሥራ አስኪያጁ ማሽኑ በኮምፒውተር ይሠራ አለ። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ የሚቸኩል ሰው ነበር። አዲስ ማሽን ከውጭ ከማስመጣት አሮጌው ላይ ኮምፒውተር ይገጠም ተባለና አንዲት ወጣት ኢንጂነር በኮንትራት ተቀጠረች።

ቀጭን ልጅ ነች፣ መነጽር ታደርጋለች፣ ጀርባዋ ላይ ቦርሳ አይለያትም። መጀመሪያ በመጣችበት ቀን ሥራ አስኪያጁና ሌሎቹ እኔን አልፈው ወደ ማሽኑ ሲሄዱ እሷ ቆማ እጅ ነሳችኝ። ከዚያ «ጋሼ፣ የዚህ ማሽን አመሉ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ይህንን ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ጠዋት ጠዋት ዘይቱ ስለሚወፍር መርፌዋ እንደምትዘል፣ ሩብ ሰዓት ባዶውን ካልሄደ እውነተኛ ቁጥር እንደማይሰጥ፣ ኪዩቡ ሊሰበር ሲል መርፌዋ እንደምትንቀጠቀጥ፣ ሁሉንም ነገርኳት። ቁጭ ብላ ጻፈችው። ለትህትና የጻፈችው መስሎኝ ነበር። ከሁለት ወር በኋላ ፕሮግራሙ ሲያልቅ ግን ኮምፒውተሩ ጠዋት ሲከፈት ፓምፑን ሩብ ሰዓት ባዶውን ሳያስኬድ ኪዩብ አልቀበልም ይል ነበር። «ይሄ የእርስዎ ነው ጋሼ፤ እርስዎ ያሉኝን ነው የነገርኩት» አለችኝ።

እንዴት እንደሚሠራ እንደገባኝ ላውራ። የዘይቱን ቧንቧ አንድ ቦታ አስከፈተችና አውራ ጣት የምታህል ብረት አስገጠመችበት። ሴንሰር ነው የምትለው። ዘይቱ ሲገፋት ግፊቱን ወደ ኤሌክትሪክ ትለውጠዋለች። ከእሷ ሽቦ ወጥቶ አንዲት ሳጥን ውስጥ ይገባል፤ ከሳጥኗ ኮምፒውተሩ ውስጥ። ኮምፒውተሩ ደግሞ ማንበብ ብቻ አይደለም፣ ያዛል። ፓምፑን ያስነሳል፣ ዘይቱን በልኩ ይለቃል፣ ኪዩቡ ሲሰበር ራሱ ያቆማል። መስኮቱ በምለው በኮምፒውተሩ ስክሪን ላይ አንዲት መስመር እንደ ዳገት ትወጣና ድንገት ትወርዳለች። ያቺ ጫፏ ናት ቁጥሩ። እኔ በዓይኔ ስለቅማት የኖርኩትን እሷ ሥዕል አድርጋ አሳየችኝ።

ማውስ አያያዝ ያስተማረችኝ እሷ ናት። እጄ ድንጋይ ሲያነሳ የኖረ ስለሆነ ከበደኝ፤ ቀስቷ ከመስኮቱ ጠርዝ ጠርዝ እየሄደች ትጠፋብኛለች። ሳቋን መያዝ አቅቷት «ጋሼ፣ ኪዩብ አይደለም እኮ፤ አይጨምቁት» አለችኝ። ለብዙ ቀን ባየችኝ ቁጥር አይጨምቁት ትለኝ ነበር።

ከዚያ ማመሳከር ተጀመረ። ለሁለት ሳምንት እያንዳንዱን ኪዩብ እኔ ከመርፌዋ አነባለሁ፣ ኮምፒውተሩም ያነባል። እኔ በመዝገቤ እጽፋለሁ፣ የእሱ በወረቀት ይወጣል፤ ማታ ከመውጣታችን በፊት ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋ ታያለች። ኮምፒውተሩ ከኔ ያነሰ ነው። አንዴ በሦስት፣ አንዴ በአሥራ አራት፣ አንዴ በአሥራ ስምንት ያንሳል። ከኔ በልጦ አያውቅም።

ልጅቷ ግራ ገባት። ሴንሰሯን ፈታ አጸዳች፣ ሽቦ ቀየረች። ሴንሰሯ ከፋብሪካዋ ልኳ ተጽፎባት የመጣች ናት፣ እንዲህ መሆን የለባትም ትላለች። የጻፈችውን ፕሮግራም ከላይ እስከታች ስታነብ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየዋለሁ።

እኔ በመጀመሪያው ቀን ገብቶኛል። ኮምፒውተሩ አምስት መቶ ሃያ ስድስት ያለው፣ እኔ አምስት መቶ አርባ የጻፍኩት ኪዩብ ነበር። መርፌዋ የት እንደቆመች ትዝ ይለኛል። አምስት መቶ ሃያን ትንሽ ብቻ ነበር ያለፈችው። ግን ዝም አልኩ። ነገ እናገራለሁ አልኩ። በማግስቱ ደግሞ ትናንት ያልተናገርኩትን ዛሬ እንዴት ብዬ አልኩ።

ደንበኞቹ ማጉረምረም ጀመሩ። የሚሰጣቸው የኮምፒውተሩ ወረቀት ነው፤ በእሱ ቁጥር አንዳንዱ ኪዩብ ለጥቂት ይወድቃል። አንድ የወሎ ሰፈር ፎቅ ፎርማን፣ ቀልደኛ ሰው፣ ወረቀቱን አገላብጦ አይቶ «ይሄ ኮምፒውተር ምርቃት የሚባል ነገር አያውቅም እንዴ?» አለ። አግዳሚው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሰውየው ምንም አያውቅም፤ እኔ ግን ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ።

ሥራ አስኪያጁ ሁለታችንንም ጠራን። ደንበኛ ወደ ሌላ ላብራቶሪ እየሄደብን ነው አለ። ይህ ቤት ሃያ ዓመት ሙሉ ቅሬታ ቀርቦበት አያውቅም፤ አዲስ የመጣው ኮምፒውተሩ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ስህተቱ የኮምፒውተሩ ነው አለ። ልጅቷ መሣሪያ ፈታሾች ይጠሩልን፣ እነሱ ልክ የሆነ መለኪያ አላቸው፣ ማሽን በመለኪያ እንጂ በሰው ዓይን አይስተካከልም አለችው። ፈታሾቹ ወረፋቸው የወራት ነው፣ ግንባታ ደግሞ ክረምት ሳይገባ ነው አላት። በመጨረሻ ወደኔ በእጁ እያሳየ፣ «ጋሼን መለኪያ አድርጊያቸው። ከእሳቸው ጋር አስማሚው» አለ።

ኮፍያዬን በእጄ ይዤ ቆሜ ነበር። እውነቱን ለመናገር ኩራት ተሰማኝ። ሰው በሕይወቱ አንድ ጊዜ መለኪያ ሲባል።

ከምሳ በኋላ መጣች። ጓሮ፣ የተሰበረ ኪዩብ የምንከምርበት ጋ ተቀምጬ ነበር። ከጎኔ አንዱ ላይ ተቀመጠችና መዝገቤንና የራሷን ወረቀት ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። ቁጥሮቹን በጣቷ አንድ በአንድ እያመሳከረች ወረደች።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እንዳይቀየሙኝ ግን።»

«ጠይቂ።»

«መርፌዋ በሁለት መስመር መሀል ስትቆም የቱን ነው የሚጽፉት?»

መልሱ አንድ ቃል ነበር። አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ግን በዚያች ቅጽበት ስንት ነገር እንደሚታሰብ። ይህን ሁሉ ዓመት የጻፍኩት መዝገብ ሁሉ ሊከፈት ነው አልኩ። ከአምስተኛ ክፍል ሰው ምን ትጠብቃላችሁ ሊባል ነው አልኩ። ጡረታዬ አራት ዓመት ቀርቶታል አልኩ። ከሁሉ የባሰው ግን ሌላ ነው። አመሉ ምንድን ነው ብላ የጠየቀችኝ ልጅ ፊት ማነስ አልፈለግሁም።

«የቆመችበትን ነዋ» አልኳት። «ወደቀረበችው መስመር።»

ወረቀቱን እንደገና አየችው። ወረቀቱ ሌላ ነገር እየነገራት እንደነበር ዛሬ አውቃለሁ። ወደቀረበው መስመር የሚያነብ ሰው አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች ነው የሚስተው። ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን አይስትም። እሷ ይህንን ሳታይ አልቀረችም፤ ለዚያም ነው የጠየቀችኝ። ግን ወረቀቱን አጠፈችውና «እንግዲያው ጥፋቱ የኔ ነው ማለት ነው» ብላ ተነሳች።

በማግስቱ ፕሮግራሙን ከፈተችው። ከሴንሰሯ የሚመጣው ቁጥር መስኮቱ ላይ ከመውጣቱ በፊት የሚባዛበት ቦታ አለ። እዚያ አንዲት ትንሽ ቁጥር አስገባች፤ መቶ ቢመጣ መቶ ሁለት አድርጎ የሚያሳይ። ከጎኑ በእንግሊዝኛ አንድ መስመር ጻፈችና በአማርኛ ነገረችኝ፤ በአንባቢው ንባብ መሠረት የተስተካከለ ይላል አለችኝ። ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ያደረገውን ለምን እንዳደረገ ከጎኑ መጻፍ አለበት፣ በኋላ ለሚመጣው ሰው ነው አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔና ኮምፒውተሩ ተስማማን። ሥራ አስኪያጁም ተደሰተ፣ አግዳሚውም ሞላ።

አንድ ነገር ቆይቶ ነው የገባኝ። የኔ ጭማሪ የቱንም ያህል ቢሆን ከሁለቱ መስመሮች መሀል አይወጣም ነበር። የኮምፒውተሩ ግን በመቶኛ ነው፤ ኮንክሪቱ ጠንካራ በሆነ ቁጥር የእሱም ጭማሪ ይጨምራል። መርፌዋ መስመር ላይ ልክ ስትገጥም እኔ አልጨምርም፤ እሱ ያኔም ይጨምራል። ሳይደክም፣ ሳይረሳ፣ ለሁሉም ያድላል። እኔ ከዚያ ወዲያ ኪዩቡን አስገብቼ፣ የሽቦውን በር ዘግቼ፣ ማውሷን ጠቅ ማድረግ ብቻ ሆነ ሥራዬ። የክቡን ፊት መስታወት አቧራ ሲይዘው እወለውለው ነበር። የሚያየው ግን አልነበረም።

ዓመት ከምናምን ሄደ፤ ልጅቷም ኮምፒውተሩን እየተከታተለች አብራን ነበረች። ከዚያ በኛ ቤት ያለፈ የአንድ ፎቅ ኮንክሪት ሌላ ቦታ ተፈትኖ ወደቀ። ብዙ አይደለም፣ ለጥቂት ነው። ግን ደብዳቤ መጣ፣ ክርክር ሆነ፣ በመጨረሻ እነዚያ ወረፋቸው የወራት ነው የተባሉት ፈታሾች በሳምንታቸው ደረሱ።

ሁለት ሰዎች ናቸው። መለኪያቸው በእንጨት ሳጥን፣ በለስላሳ ጨርቅ ተጠቅልላ የምትመጣ የብረት ቀለበት ናት። ኪዩብ በምናስገባበት አስገቧት፣ ጨመቁ፣ ጻፉ፣ ደግመው ጨመቁ። ክቡን ፊት አዩ፤ መርፌዋ ልክ ናት አሉ። ኮምፒውተሩን አዩ፤ ከፍ ይላል አሉ። ያኔ ልጅቷ ማንም ሳይጠይቃት ፕሮግራሙን ከፍታ ያቺን ቁጥር አሳየቻቸው። ቁጥሯን አስወጥተው ደግመው ሲጨምቁ ኮምፒውተሩ ከቀለበቷ ጋር ልክ ገጠመ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ልክ ነበር ማለት ነው።

ታላቅየው ፈታሽ ማን ነው ይቺን ያስገባት አለ። እኔ ነኝ አለች። በምን መሠረት አላት። ከመርፌዋ በሚያነቡት ሰው ንባብ አመሳክሬ ነው ብላ፣ የሁለቱን ሳምንት ወረቀት አውጥታ ሰጠችው። ሥራ አስኪያጁ ቆሞ ነበር። እኔ አስተካክይ አልኳት እንጂ የኮምፒውተሩን ዝርዝር አላውቅም አለና በመስኮቱ ወደ ውጭ ያይ ጀመር።

ፈታሹ ወረቀቱን ረጋ ብሎ አየና ወደኔ ዞረ። ትሁት ሰው ነበር።

«አባት፣ መርፌ በመስመር መሀል ስትቆም እንዴት ነው የሚያነቡት?»

ሁለተኛ ጊዜ ነው እንግዲህ። ልጅቷ ታየኛለች። ጥርጣሬ ፊቷ ላይ አልነበረም። ምስክሩን የጠራ ሰው እንደሚያይ ነበር የምታየኝ።

«ወደቀረበችው መስመር» አልኩ።

ፈታሹ እንግዲያው ስህተቱ የማመሳከሩ ሂሳብ ላይ ነው ብሎ ማስታወሻውን ዘጋ። ልጅቷ መነጽሯን አወለቀች፣ በሹራቧ ጫፍ ጠረገችው፣ መልሳ አደረገችው።

ኮንትራቷ አልታደሰም። መሣሪያን ያለ አግባብ የለወጠች የሚል ደብዳቤ ማኅደሯ ውስጥ ገባ፤ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ያለበትን ሰው ሌላ ላብራቶሪ እንደማይቀጥር ሁላችንም እናውቃለን። ኮምፒውተሩ ያወጣቸው ሪፖርቶች ብቻ እንደገና ታዩ። የኔን መዝገብ ማንም አልከፈተውም። ቢከፍተውም የሚያገኘው የለም፤ ወደ ላይ ይነበብ ወደቀረበው ይነበብ መስመሩ ያው መስመር ነው፣ የተጻፈው ቁጥርም ያው ሃያ በሃያ ነው። ልዩነቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

በመጨረሻዋ ቀን ኮምፒውተሩን ወለወለችና በትልልቅ ፊደል በአማርኛ የተጻፈ ወረቀት ግድግዳው ላይ ለጠፈችልኝ። እንዴት እንደሚከፈት፣ እንዴት እንደሚታተም፣ አንድ በአንድ። ቢጠፋብዎት ይሄንን እያዩ ይቀጥሉ አለችኝ። የመጀመሪያው መስመር እንዲህ ይላል፦ ፓምፑን ሩብ ሰዓት ባዶውን ያስኪዱ፣ ጋሼ እንዳሉት። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ጠዋት ጠዋት ያንን እያነበብኩ ነው ሥራ የጀመርኩት።

አልተናገርክም ወይ የሚለኝ ሰው ቢኖር፣ ተናግሬያለሁ። ልጅቷ በሄደች በሳምንቷ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ነገርኩት። ተነስቶ በሩን ዘጋው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይሄንን ለሌላ ሰው ነግረዋል?» አለኝ። አልነገርኩም አልኩት።

«እንግዲያው ለኔም አልነገሩኝም» አለ።

ከቢሮው ስወጣ ቅልል ብሎኝ ነበር። የድርሻዬን የተወጣሁ መሰለኝ። የልጅቷን ስልክ ልጠይቀው እችል ነበር፤ አልጠየቅሁም። እስካሁን ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ያቺ ቅልል ያለችኝ ነገር ናት።

ጡረታ ስወጣ መስታወት ፍሬም ውስጥ የገባ የምስጋና ወረቀት ሰጡኝ፤ ለታማኝ አገልግሎት ይላል። ሚስቴ ሳሎን ሰቀለችው። ላብራቶሪው ፈረሰ። ቂርቆስ ያለው ቤታችንም ፈረሰና ኮንዶሚኒየም ደረሰን፣ ከተማው ጫፍ። እዚያ ስንገባ ሚስቴ ወረቀቱን የት ልስቀለው አለችኝ፤ ግድግዳው ኮንክሪት ነው፣ ሚስማር አይገባም አልኳት። በጨርቅ እንደ ተጠቀለለ ከአልጋ ሥር አለ። ለጉዳይ ወደ መሀል ከተማ ስመጣ ከካዛንቺስ እስከ ኡራኤል ያሉትን ፎቆች አያለሁ። ብዙዎቹን ኪዩባቸውን አውቀዋለሁ። ቆመዋል፤ መስኮታቸው ላይ ልብስ ተሰጥቶ ይታያል። ይቆሙም ይሆናል። ግን ሌላው ሰው ፎቅ ሲያይ ፎቅ ነው የሚያየው፤ እኔ መርፌዋ የት ላይ እንደቆመች አላስታውስም ብዬ ነው የማልፈው።

የከተማው ባቡር ሥራ ከጀመረ በኋላ ነው፣ አንድ ቀን ጠዋት መስቀል አደባባይ የመገናኛ ታክሲ ወረፋ ይዤ፣ ከኋላዬ ጋሼ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ድምፁን ከመዞሬ በፊት አወቅሁት። ወፍራለች፣ መነጽሯ ተቀይሯል። ትከሻዬን ስማ ስማ አልጠገበችም። ጉልበቴን ጠየቀችኝ፣ ሚስቴን ጠየቀችኝ፣ አሁንም ይጨምቃሉ እንዴ ብላ እጄን ያዘችው። ኡራኤል አካባቢ ፕሪንተር መጠገኛ ሱቅ ውስጥ እንደምትሠራ፣ ቀለም እንደምትሞላ ነገረችኝ። ይህን ስትናገር ምሬት የለባትም። ወረፋው ትንሽ ትንሽ እያለ ይሄዳል።

«ጋሼ፣ እስካሁን ያልገባኝ አንድ ነገር አለ» አለች። «ፕሮግራሙ ቤት አለኝ፤ አንዳንዴ ከፍቼ አየዋለሁ። መርፌዋ ልክ ነበረች፣ ሴንሰሩም ልክ ነበር፣ እርስዎም ልክ ነበሩ። ታዲያ እኔ የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?»

ከልቧ አልገባት እንደሆነ ወይስ በሩን ልትከፍትልኝ እንደሆነ እስከዛሬ አላውቅም። ሦስተኛ ጊዜ ተጠየቅሁ።

«አልተሳሳትሽም» አልኳት። «እኔ የላይኛውን ነበር የምጽፈው።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ። ሰው ጎዶሎ ይዞ እንዳይሄድ ብዬ። ምርቃት ብዬ።»

እጄን ይዛው ነበር፤ መቼ እንደለቀቀችው አላስተዋልኩም። ወረፋው ሄደ፣ እሷ ቆመች። ከኋላዋ ያለው ሰው እህት፣ ሂጂ እንጂ አላት። ሁለት እርምጃ ሄደች። ወደ ሐዲዱ በኩል እያየች ቆየችና፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ፣

«ጠይቄዎት ነበር እኮ» አለች።

ከዚያ በኋላ ጋሼ የምትለዋን ቃል ጠበቅኩ። ልጅቷ ስታናግረኝ ያቺን ቃል ሳትጨምር አትቀርም ነበር፤ ስትስቅም፣ ስትቆጣም፣ ወረቀቱን በለጠፈችልኝ በመጨረሻዋ ቀን እንኳ። አላለችም። አንቱታውን አልነፈገችኝም። ቃሏን ብቻ ነው የወሰደችው።

ሚኒባስ መጣ። ገብታ መስኮቱ ጋ ተቀመጠች፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ፊት ለፊት ታያለች። ከጎኗ አንድ ቦታ ቀረ። ረዳቱ በሩን ይዞ «አባት፣ አንድ ሰው ነው የጎደለው፣ ይግቡ» አለኝ።

በሚቀጥለው እሄዳለሁ አልኩት። አላመነኝም፣ ትንሽ ጠበቀኝ። ከዚያ በሩን ዘጋና አንድ ሰው እንደጎደለው ሄደ።